ኢሜይል አልሄድ ሲል

ውድ የቢሯችን አባላት፣

እዚህ ፒያሳ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር «ኢሜይሌ አልሄድ አለ» የሚል ስልክ ይበዛል። እባካችሁ ራውተሩን ለመንቀል አትቸኩሉ፤ የሌላውም ሰው ሥራ ይቋረጣል። መጀመሪያ አንድ ድረ ገጽ ሞክሩ። ከተከፈተ ኢንተርኔቱ ደህና ነው።

ቀጥሎ የኮምፒውተራችሁን ቀን እዩ። የማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዋና ሰሌዳ) ባትሪ ሲደክም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ኮምፒውተሩ የኢሜይል ሰርቨሩን የደኅንነት ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥ፣ የጊዜ ገደብ ያለው ማስረጃ) አላምንም ይልና ግንኙነቱን ይዘጋል። ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስተካክሉት። ነገም ከተዛባ ባትሪው ይቀየር፤ ሳንቲም የምታክል ክብ ነገር ናት።

መልእክት እየገባ መላክ ብቻ ካቃተ፣ በኢሜይል ፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ የመላኪያውን ፖርት (መልእክቱ የሚወጣበትን የበር ቁጥር) ተመልከቱ። 25 ከሆነ ወደ 587 ቀይሩት። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች 25ን አይፈለጌ መልእክት ለመከላከል ይዘጉታል።

አሁንም እምቢ ካለ የስህተቱን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። የይለፍ ቃል ግን ለማንም አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን።