የመንግሥት አቋም ለብቻው ይነበብ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የተሰማው በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ መሆኑን የማያውቅ አድማጭ የለም። ሆኖም በዚያው አቆጣጠር የ1976ቱ የጣቢያው መተዳደሪያ ቻርተር ዜናው ትክክለኛና ሚዛናዊ እንዲሆን ያዛል፤ የ1994ቱ የአሜሪካ ሕግም የጋዜጠኛውን ነፃነት ከባለሥልጣናት ጣልቃ ገብነት ይጠብቃል። የዋሽንግተን ርዕሰ አንቀጽ እንኳ የመንግሥት አቋም መሆኑ ተነግሮ ለብቻው ይነበብ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚራ በረንዳችን ላይ ሬዲዮኑን ጆሮው ሥር አድርጎ ሲያዳምጥ፣ ርዕሰ አንቀጹ ጋ ሲደርስ ድምፁን ቀነስ አድርጎ ቡናውን ያነሣ ነበር። ዜናውንና የመንግሥትን ቃል ለይቶ ያውቃልና።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ትራምፕን ትእዛዝ ተከትሎ ከ1,300 በላይ የጣቢያው ሠራተኞች በግዳጅ ዕረፍት ሲወጡ እጅግ ያዘንኩት ለዚህ ነው። ሕጉ እያለ ጣቢያውን በአንድ ፊርማ ዝም ማሰኘት ከተቻለ፣ ጥበቃው ወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

የእኛም የሕዝብ ጣቢያዎች በአረብኛና በእንግሊዝኛ ፖለቲካ ሲያቀርቡ ጅቡቲ ያለው ጎረቤታችን ጭምር ይሰማል። የመንግሥት መግለጫ ከሆነ መግለጫ ነው ይባልልን፤ ዜናው ግን ለጋዜጠኛው ይተውለት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ