የወጣቶች ውርርድና በስደት ያሉ እናቶች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ወጣቶች በስፖርት ውርርድ ቤቶች ገንዘባቸውን የሚያጠፉት እናቶቻቸው ዓረብ አገር ሄደውባቸው ያለ ፍቅር ስላደጉ ነው የሚል አስተያየት በቅርቡ በዚሁ ገጽ ላይ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው የልጅነት ቁርኝት፣ ማለትም ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር የሚፈጥረው የስሜት ትስስር፣ በወጣትነት ጠባይ ላይ አሻራ እንደሚተው ማንሣታቸው መልካም ቢሆንም፣ ከዚያ ተነሥተው ቤተሰብ ለማስተዳደር በተሰደዱ እናቶች ላይ የሰጡት ፍርድ ግን ራሳቸው የጠቀሱት ዕውቀት የሚደግፈው አይደለም።

የቁርኝት ንድፈ ሐሳብ መሥራች እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ናቸው። ከቀደምት የመስክ ጥናቶቹ አንዱ የተካሄደው ግን ከእኛ ብዙም በማይርቀው አገር፣ በኡጋንዳ ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች የ26 ቤተሰቦችን ሕፃናት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ተከታትለዋል። በኋላም በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ባደረጉት ጥናት የተረጋጋ፣ ሥጋት ያደረበትና ሰው የሚሸሽ ቁርኝት ብለው ሦስት ዓይነት ለይተዋል። በዚህ ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ሕፃኑ ሲያለቅስ ሳይሰለች የሚደርስለት ሰው መኖሩ ሲሆን፣ ያ ሰው አያትም አክስትም ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጆች በአያት እጅ በሚያድጉበት አገር ይህን መዘንጋት አይገባም።

ሌላም ያልተነሣ ነጥብ አለ። የሚተማመንበት ሰው ያለው ሕፃን ከጉያ ወጥቶ ርቆ ለመሄድ፣ አዲስ ነገር ለመሞከር ይደፍራል እንጂ አይፈራም። ስለዚህ ድፍረት ራሱ የመጥፎ አስተዳደግ ምልክት አይደለም።

የተፈጥሮ ጠባይ ደግሞ ከቁርኝት ተለይቶ መታየት አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቪን ዙከርማን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ሰው ልቡን የሚያስደነግጥ ነገር ካላገኘ ቶሎ ይሰለቻል፤ ይህም በከፊል በዘር የሚወረስ ነው። በአንድ ውርርድ ቤት ተመሳሳይ ትኬት የቆረጡ ሦስት ወጣቶችን እናስብ። አንዱ የመጣው የጨዋታው የመጨረሻ ደቂቃ ለሚሰጠው ትኩሳት ነው። ሁለተኛው ጓደኞቹ ሁሉ ሲቆርጡ እሱ ቢቀር እንዳይገለል ስለሚሰጋ ነው። ሦስተኛው አስቀድሞ ተበልቶ፣ ለማንም መናገር ስለማይሆንለት የጠፋውን ብቻውን ለመመለስ ይታገላል። ለመጀመሪያው ጉልበቱን የሚያወጣበት ሌላ መስክ፣ ለሁለተኛው ሌላ ወዳጅ፣ ለሦስተኛው ሳይወቅስ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል፤ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ተግሣጽ መስጠት ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ ሦስተኛውን ጭራሽ ያርቀዋል። ሥራ አጥቶ ውርርዱን እንደ መተዳደሪያ የቆጠረ አራተኛ ወጣትም አለና፣ የእሱ ጉዳይ በሥነ ልቦና ብቻ የሚፈታ አይደለም።

የእኩዮች ነገር ቀላል አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በኮምፒዩተር የመኪና መንዳት ጨዋታ ላይ ጓደኞች አጠገባቸው ሲሆኑ ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉ ወጣቶች ብቻቸውን ከሚጫወቱት የበለጠ ለአደጋ ራሳቸውን ያጋልጡ ነበር፤ ይህ ለውጥ ከ24 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ያን ያህል አልታየም። እንዲህ ከሆነ፣ በደህና ቤት ያደገ ወጣትም በጓደኞቹ መካከል ሲቀመጥ ያለ የሌለውን ሊያስይዝ ይችላል ማለት ነው።

አስተዳደግ፣ የተፈጥሮ ጠባይና እኩዮች ከወጣቶች ድርጊት ጋር ያላቸው ግንኙነት በብዙ ሰዎች አማካይ የሚታይ እንጂ የአንድን ልጅ ዕድል አስቀድሞ የሚወስን አይደለም፤ በልጅነት የተያዘ ቁርኝትም በኋላ በሚገኝ መልካም ወዳጅነትና ትዳር ሊለወጥ ይችላል። ጋዜጣችሁ ወደፊት ስለ ውርርድ ሲዘግብ፣ ወጣቶቹን እናታችሁ የት ናት ከማለት ይልቅ ከማን ጋር እንደሚመጡና ገንዘባቸውን ሲያጡ ለማን እንደሚናገሩ ቢጠይቅልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ከአዲስ አበባ