የቅዳሜው ልምምድ፦ ሰዓትና ቁጥር በእንግሊዝኛ

ሰላም የጀማሪዎች ቡድን አባላት፣

በዚህ ቅዳሜ ሰዓት መናገርና ተቀራራቢ ቁጥሮችን መለየት እንለማመዳለን። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም ቱ ፒኤም፣ በተለመደው ክፍል እንጀምራለን፤ 9 ተኩል ላይ እንጨርሳለን።

ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው በሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት ስሪ ኦክሎክ ካላችሁ ሰው የሚጠብቃችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ነው፤ የግድግዳ ሰዓት ካለ ደግሞ በትይዩ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ በ1 ትይዩ 7 አለ። ኤኤም ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ቀን፣ ፒኤም ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ትዌልቭ ኤኤም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ቀኑም የሚለወጠው እዚያው ላይ ነው እንጂ ሲነጋ አይደለም። የአውሮፕላን ትኬት ያላችሁ በተለይ ይህን ልብ በሉ! ሩብ ጉዳይ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ እኛ ሰዓቱን እናስቀድማለን፣ እነሱ ኳርተር ቱ ኤይት ብለው ደቂቃውን።

ከቁጥር 13ና 30፣ 15ና 50 ይምታታሉ። በ15 ፊፍቲን ሲባል መጨረሻው ይጠብቃል፣ ይረዝማልም፤ በ50 ፊፍቲ ሲባል መጀመሪያው ይጎላል። ዋጋ ስትጠይቁ ካልለያችሁ ዋን ፋይቭ ወይስ ፋይቭ ዚሮ ብላችሁ አረጋግጡ።

ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የቀን ውሏችሁንም በስድስት ሰዓቶች ጽፋችሁ አምጡ።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። ለሚቀጥለው ሳምንት የገበያ ቃላት ይሁን ወይስ የጤና ጣቢያ? ምርጫችሁንም ጨምሩበት።