እግረኛ ትንሽ ነው ያላችሁት ረፋድ ላይ መጥታችሁ ነው

ለአዘጋጁ፣

ስለ ደብረ ብርሃኑ የመገንጠያ ማሻሻያ ያወጣችሁት ዘገባ ውስጥ አንድ አረፍተ ነገር አለች፣ ይሄን ያስጻፈችኝ እሷ ናት። በመገናኛው የሚሻገረው እግረኛ ትንሽ ስለሆነ ዲዛይኑ ለተሽከርካሪ ቅድሚያ ሰጥቷል የምትለዋ። ሌላውን፣ አስፋልቱ ባለ 4 መስመር ይሆናል ያላችሁትን፣ የጭነት መኪና ሳይቸገር እንዲታጠፍ ኩርባው ይሰፋል ያላችሁትን፣ በኋላ እመጣበታለሁ። እግረኛው ትንሽ ነው የሚለው ግን እንዲሁ አይታለፍም። ማነው የቆጠረው? ስንት ሰዓት ላይ ቆሞ?

ፎቶአችሁ ራሱ ይናገራል እኮ። ፀሐይ ወጥቷል፣ ሱቆቹ ተከፍተዋል፣ ጉም የሚባል ነገር የለም፣ ቢያንስ ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። በዛ ሰዓት እኛ ማሽን ላይ ነን። ከገባን ቆይተናል። ባዶ መንገድ ፎቶ አንስታችሁ ሰው የለም ብላችሁ ጻፋችሁ፣ ከተማው ሁሉ አነበበው፣ አሁን ያንን ይዞ የሚከራከረን ሰው መጥቷል።

እኛ ማለት የፈረቃ ሠራተኞች ነን። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንቀያየራለን። አብዛኞቻችን ሴቶች ነን፣ ብዙዎቻችን ከገጠር መጥተን ለሁለት ለሦስት አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር፣ ደሞዛችን ለባጃጅ የማይተርፍ። ዋናው አስፋልት ከተማዋን ለሁለት ከፍሏት ነው የሚያልፈው፣ ቤት በአንድ በኩል ሥራ በሌላ በኩል ነው፣ ሰርቪስ ያላቸውም ቢሆኑ ሰርቪሱ ማዶ አውርዷቸው ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ያንን አስፋልት ሳይሻገር የሚውል የለም። ለ12 ሰዓት ፈረቃ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ ነን ማለት ነው፣ ጨለማ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ክረምት ላይ ጉሙ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው ይውጠዋል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ አፍንጫ ይቆርጣል፣ ሁሉም ጋቢና ሻርፑን ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ አንገቱን ቀብሮ ነው የሚሄደው። በዛው ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ኮምቦልቻና መቀሌ የሚወጣው አይሱዙና ሲኖትራክ ሳይነጋ ልቅደም ብሎ ይበራል። ሁለታችን የምንገናኘው እዛች መገንጠያ ላይ ነው።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ እዛ ተገጭታለች። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ወራት ተኛች፣ ስትመለስ ቆማ መሥራት አልቻለችም፣ አሁን ወላጆቿ ጋ ገጠር ገብታለች። እሷ በየትኛው ቆጠራ ውስጥ ናት? ያኔ ተሰባስበን ዜብራና መብራት ይደረግልን ብለን አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን፣ መንገዱ የፌዴራል ስለሆነ እኛን አይመለከትም ተባልን፣ ሌላ ጋ ሄድን፣ የመብራት ጉዳይ የከተማው ነው ብለው መለሱን። ፈረቃችንን አስቀይረን፣ ከደሞዝ አስቆርጠን ነው የሄድነው። አሁን መንገዱን ማስፋት ሲመጣ ግን ሁለቱም ባለቤት ሆነው ዘገባችሁ ላይ ወጡ። ጋዜጠኛችሁ ያቺን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅልን ምን ነበረበት?

እስቲ ስለ ቆጠራ እናውራ። ምህንድስና የተማረ ወንድም አለኝ፣ እሱ እንዳስረዳኝ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ማንዋል ለመንገድ ዲዛይን መኪና ሲቆጠር 7 ተከታታይ ቀን ይቆጠር ይላል፣ በአብዛኛው ቀን 16 ሰዓት፣ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀንና አንድ የሳምንት መጨረሻ ቀን ደግሞ ሙሉውን 24 ሰዓት። ለምን? ትራፊክ በሰዓትና በቀን ስለሚለያይ ነዋ፣ የገበያ ቀንና ሌላው ቀን አንድ ስላልሆነ። ለጭነት መኪና ይሄ ሁሉ ከተደረገ ለሰው ሲሆን በአንድ ረፋድ ይበቃል ያለው ማነው? ዘገባችሁ ላይ የእግረኛ ቆጠራው ስንት ቀን እንደፈጀ አልተጻፈም፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነም የለም። ቁጥርም የለም። "ትንሽ" የምትል ቃል ብቻ ናት ያለችው። የመኪናውን ግን በዝርዝር አስቀምጣችኋል።

አሁን ወደ መስፋቱ ልምጣ። አንዱ መስመር 3 ሜትር ተኩል ቢሆን 4 መስመር 14 ሜትር ነው። ጤነኛ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይራመዳል፣ ስለዚህ ለመሻገር ወደ 12 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ12 ሰከንድ ከ160 ሜትር በላይ ይጓዛል። ማለትም እግሬን አስፋልቱ ላይ ሳሳርፍ 160 ሜትር ርቆ ያለውን መኪና ማየት አለብኝ፣ እሱም እኔን። በደብረ ብርሃን ጉም! ልጅ ያዘለች እናት ስትሆን፣ አሮጊት ስትሆን ደግሞ ጨምሩበት። መሐል ላይ ቆሞ የሚተነፈስበት ደሴት ቢሠራ ግን አንዴ የሚሻገረው 7 ሜትር ብቻ ይሆናል፣ ሰውየው አንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ ይሻገራል፣ ይሄ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ኩርባውን ማስፋት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ኩርባ በሰፋ ቁጥር ሹፌር ፍሬን ሳይነካ ይታጠፋል፣ እግረኛው የሚሻገረውም ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ይጨምራል ይላል። እናንተ ግን "ፍሰቱን ያፋጥናል" ብላችሁ እንደ ምሥራች ጻፋችሁት። ለማን ነው ምሥራቹ? ከተማችንን በመስኮት አይቶ ለሚያልፈው ነው።

ጋሪና አህያ ትራፊኩን አጨናነቀ ያላችሁትም አናዶኛል። በአንኮበር በኩል ገብስና እንጨት ይዞ የሚመጣው ገበሬ በየት ይምጣ? ጋሪ እኮ እዚህ ከተማ ዱቄት ከወፍጮ ቤት ያመላልሳል፣ ቤት ሲሠራ አሸዋና ብሎኬት ያቀርባል፣ ሌሊት ምጥ ለመጣባት ሴት የተጠራ ባለጋሪ አውቃለሁ። እሱም ቦታ ያስፈልገዋል፣ ዳር ላይ ቆሞ የሚጭንበት የሚያወርድበት ስለሌለው ነው መስመር ውስጥ የሚቆመው። ማቆሚያ ሳይሰጡት ዘጋብኝ ማለት ግፍ ነው።

"ነዋሪዎች ተወያይተውበታል" ይላል ደግሞ። ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ነበር፣ ከኛ ማንም አልሰማም፣ ቢሰማም ማን ያስወጣዋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዛል፣ እኛም ሕዝብ ነን ብዬ አምናለሁ። እሁድ ከሰዓት ቢጠሩን እንመጣለን፣ አዳራሹ ይሞላል።

እኔ መንገዱ አይሠራ አላልኩም። ያቺ መገንጠያ መሠራት አለባት፣ ዘግይቷል እንኳን። አዲስ አበባ ለገሀር አካባቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት መገናኛው ላይ መጀመሪያ በቀለም ነው የሞከሩት፣ መኪና የማይጠቀምበትን የአስፋልት ቦታ ለይተው ለእግረኛ ሰጡት፣ መታጠፊያውን አጠበቡት፣ መሻገሪያው አጠረ። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት በቀለም ቢሞከር የተሳሳተውን በብሩሽ ማስተካከል ይቻላል። እዚህም እንደዛ ይሞከር። መሻገሪያው ሰው በሚሄድበት በኩል ይሁን፣ ደክሞት ከፈረቃ የሚወጣ ሰው ዞሮ 200 ሜትር ርቆ ያለ ዜብራ አይፈልግም፣ በአቋራጩ ነው የሚሻገረው፣ ከዛ "እግረኛው ጥፋተኛ ነው" ይባላል። ከሁሉ በፊት ግን የመንገድ መብራቶቹ ይብሩ፣ ለሱ አዲስ ዲዛይን አያስፈልግም።

ከናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺያችሁን ጃኬት አስለብሳችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መገንጠያው ጋ ላኳቸው፣ እስከ 12 ሰዓት ቆመው ይቁጠሩ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይም ይድገሙት፣ በገበያ ቀንም አንድ ጊዜ። ያገኙትን ቁጥር ያንኛው ዘገባ በወጣበት ቦታ፣ በዛው መጠን አውጡት። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ይሁን እባካችሁ፣ ከዛ በኋላ ቢወጣ አይረባንም።

የፈረቃ ሠራተኛ
ከደብረ ብርሃን