የባዮሎጂ ክበብ፦ የዓመቱ ደፍተር

ዘንድሮ ክበባችን መዝገበ ቃላት ሲጽፍ ከረመ። ነገሩን ያመጣው ሽምደዳ ነው። ልጆቹ ፈተና ሲደርስ "ዲፕቴራ፣ ኮሊዮፕቴራ፣ ሌፒዶፕቴራ" እያሉ እንደ ዳዊት ይደግማሉ። ምን ማለት ነው ሲባሉ ዝም!

"ፕቴሮን" በግሪክ ክንፍ ነው። ይቺን ካወቁ ብዙ ነገር ይቀላል። ዲፕቴራ ባለ ሁለት ክንፍ ነው፤ ዝንብና ትንኝ። ኮሊዮፕቴራ ክንፉ ሰገባ ያለው፣ ጥንዚዛ። ሌፒዶፕቴራ ደግሞ ክንፉ ቅርፊት የለበሰ፣ ቢራቢሮ። ቢራቢሮ ስንይዝ ጣታችን ላይ የሚቀረው ዱቄት ያ ቅርፊት ነው። በማይክሮስኮፕ ያየው ልጅ ድጋሚ አይሸመድደውም።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በኪሮፕቴራ ነው። "ኬይር" እጅ ነው፤ እጁ ክንፍ የሆነ እንደማለት። እኛ የሌሊት ወፍ እንላለን። ወፍ ናት፣ አይደለችም ሲባል ከሰዓቱ አለቀ። በመጨረሻ ደፍተሩ ላይ ይህ ሰፈረ፦ "በረጃጅም የጣት አጥንቶች መካከል በተወጠረ ቆዳ የሚበሩ፣ ልጆቻቸውን የሚያጠቡ እንስሳት።" ከዚህ የተሻለ እኔም አልጽፍም።

ሥሩን ብቻ ያመነ ግን ጉድ ይሆናል። ሂፖፖታመስ "የወንዝ ፈረስ" ነው፤ ጉማሬ ግን በዝምድና ከፈረስ ይልቅ ለዓሣ ነባሪ ይቀርባል። ስለዚህ ሥሩ በቀይ፣ ፍቺው በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲጻፍ ተስማማን።

ልጆቹ በጣም የወደዱት ግማሽ ግሪክ፣ ግማሽ አገርኛ የሆኑትን ስሞች ነው። ጤፍ ኤራግሮስቲስ ጤፍ ይባላል። የፊተኛው በተለመደው አፈታት ከ"ኤሮስ"፣ ፍቅር፣ እና ከ"አግሮስቲስ"፣ የሣር ዓይነት፣ የመጣ ነው። ቀበሪቾ ኤኪኖፕስ ቀበሪቾ ነው፤ "ጃርት መሳይ" ማለት ነው። ያን እሾሃም ድቡልቡል አበባ ላየ ስሙ ልኩ ነው። የሰሜን ተራሮቹ ጭላዳም ቴሮፒቴከስ ጌላዳ ነው፤ "ቴር" አውሬ፣ "ፒቴኮስ" ጦጣ፣ "ጌላዳ" ደግሞ ያው የኛው ጭላዳ።

የተመረጡ ቃላት በሚኒ ሚዲያ ተነበዋል። ጋስትሮፖዳ፣ ማለትም በሆዱ የሚሄደው የነቀንድ አውጣ ወገን፣ ከተነበበ ወዲህ ደወል ሲደወል ቀድሞ ካፌ የሚሮጥ ሁሉ ስሙ እሱ ሆኗል።

ደፍተሩ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። የአበባ ክፍሎች ገና አልተነኩም፤ ለሚቀጥለው ዓመት የክበቡ አባላት ትተናል።