የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮት የሚነሳው ማነው?

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ማንም ሳያዘው በራሱ የሚነሳው ፕሮግራም የትኛው ነው? ማንስ አስቀመጠው? ጥያቄው የመጣው ከተማሪዎቹ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ የገባውን ሾርትከት ቫይረስ እናጠፋለን፤ በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስንከፍት ተመልሶ ቁጭ ብሏል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ማነው የሚመልሰው?» አለች። ያዘጋጀነውን ዕቅድ ትተን ይህን ለመመለስ ተነሣን።

ሾርትከት ቫይረስን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አሳይመንት ለማሳተም ፍላሽ ይዘን ፎቶ ኮፒ ቤት እንሄዳለን። ስንመለስ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። እውነተኞቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ከሾርትከቶቹ የአንዱን «ታርጌት» የሚለውን መስመር በፕሮጀክተር ከፍተን አየነው። ረጅም ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ የተደበቀውን ስክሪፕት፣ ማለትም የቫይረሱን የትእዛዝ ፋይል፣ ያስነሳል፤ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። ሰውየው የፈለገው ስለተከፈተለት ምንም አይጠረጥርም።

ስክሪፕቱ ከተነሳ በኋላ ሁለት ቦታ ይተከላል። አንዱ የዊንዶውስ «ስታርትአፕ» ፎልደር ነው። ሌላው የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት ሬጅስትሪ ውስጥ «ረን» የሚባለው ቁልፍ ነው። እነዚህ ካልጸዱ ፍላሹን ማጽዳት ከንቱ ልፋት ነው። የተማሪዋ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር።

ከዚህ ዓይነቱ በጣም ከታወቁት አንዱ ጀንክስከስ ይባላል። ፎልደር ደብቆ አያበቃም፤ ኮምፒውተሩን ሩቅ ላለ ሰው ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ማይክሮሶፍት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አጥቂዎቹ የሚገለገሉባቸውን የኢንተርኔት አድራሻዎች ተረከበ። አድራሻዎቹ ኖ-አይፒ የተባለ ድርጅት ንብረት ነበሩ፤ ምንም ያላጠፉ ብዙ ደንበኞቹም አገልግሎት ተቋረጠባቸው። ተማሪዎቹ በዚህ ላይ ብዙ ተከራከሩ። እኔን ያስደሰተኝ ግን ከመካከላቸው አንዱ ያነሳው ነጥብ ነው። አድራሻው ቢወሰድም፣ በየሰዉ ኮምፒውተር የተተከለው መስመር ካልተነቀለ እዚያው አለ።

ሁለተኛው ሥራችን በአውቶረንስ መፈለግ ነበር። ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል የሠሩት፣ ዛሬ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚነሳውን ሁሉ ዘርዝሮ ያወጣል። አሳታሚው (ፕሮግራሙን ያወጣው ድርጅት) የማይታወቀውን በሮዝ፣ ፋይሉ የሌለውን በቢጫ ያቀልማል። አንድ ቡድን ሮዝ መስመር አግኝቶ ሊያጠፋው እጁ ማውሱ ላይ ነበር። ቆም ብለው ፋይሉ የት እንዳለና መቼ እንደመጣ ሲያዩ የፕሪንተሩ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በክበቡ ሕግ መሠረት ቦታው፣ ቀኑና አሳታሚው ሳይታይ ምንም አይጠፋም።

ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ ወደሚጫነው ነጻ ሲስተም፣ ወደ ሊኑክስ ተሻገርን። ላባችን ውስጥ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት የጫንንባቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። እዚያ ያተኮርነው አርሲ ዶት ሎካል በሚባል ፋይል ላይ ነው። ድሮ አስተዳዳሪዎች ማሽኑ ሲነሳ እንዲሠራ የሚፈልጉትን ትእዛዝ እዚህ ይጽፉ ነበር። ኡቡንቱ ከ18.04 ወዲህ ፋይሉን ይዞ አይመጣም። ግን አንድ ሰው ፈጥሮ የማስነሻ ፈቃድ ከሰጠው ማሽኑ ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሳው ሲስተምዲ ያገኘዋል፣ በሩት (ሁሉን ማድረግ በሚችለው አስተዳዳሪ) ሥልጣንም ያስነሳዋል። ስለዚህ ባልነበረበት ማሽን ላይ ፋይሉ ከተገኘ፣ መገኘቱ ብቻውን ምልክት ነው። ኢንቴዘር የተባለው የደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጋለጠው ሂደንዋስፕ የሚባል የሊኑክስ ማልዌርም (ጎጂ ፕሮግራም) ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ተመልሶ ለመነሳት ራሱን የሚጽፈው እዚሁ ፋይል ላይ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽን እንደ አዲስ በሚነሳበት እንደኛ ባለ ላብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዓመቱን ያደመቀው ግን የድብብቆሽ ልምምዱ ነው። አንድ ቡድን ይደብቃል፣ ሌላው ይፈልጋል። የሚደበቀው ጉዳት የሌለው አንድ መስመር ነው፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱን ቴምፕ በሚባለው የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር ውስጥ ይመዘግባል። መጀመሪያ ላይ ደባቂዎቹ መስመሩን ፋይሉ መጨረሻ ላይ ይጽፉት ነበር፣ ወዲያው ይያዛል። ከዚያ ብልሃት መጣ። ከመስመሩ በፊት ብዙ ባዶ ቦታ ጨምረው ከስክሪኑ በስተቀኝ ገፉት፤ ፋይሉን የከፈተ ሰው ባዶ መስመር ብቻ ይታየዋል። ቀጥሎ «ታች» በሚባለው ትእዛዝ የፋይሉን ቀን ከዓመታት በፊት አደረጉት። ፈላጊዎቹ ቀኑን አይተው «ይሄ የቆየ ነው» ብለው አለፉት።

ያን ዕለት የተሸነፈው ቡድን በሚቀጥለው ስብሰባ «ስታት» የሚባለውን ትእዛዝ ይዞ መጣ። ስታት ከአንድ በላይ ቀን ያሳያል። «ሞዲፋይ» የሚለው ቀን፣ ማለትም የፋይሉ ይዘት የተቀየረበት፣ በ«ታች» ትእዛዝ ይቀየራል። «ቼንጅ» የሚለው ግን የፋይሉ መረጃ የተነካበትን ጊዜ ሲስተሙ ራሱ የሚመዘግብበት ነው፣ በ«ታች» ትእዛዝ ወደ ኋላ አይመለስም። ሞዲፋይ የዛሬ ስንት ዓመት ይላል፣ ቼንጅ ትናንት ከሰዓት በኋላ ይላል። ላቡ በጩኸት ተሞላ! ይህን ያወጡት እኔ ሳልነግራቸው ነው፣ በእውነት ኮርቼባቸዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ፍለጋውን በዓይን ብቻ መተው እንደማይበቃ ሁሉም ተስማማ። ንጹሕ መሆኑን ባረጋገጥነው ማሽን ላይ የማስነሻ ፋይሎቹን ሁሉ አሻራ፣ ሻ 256 በሚባል ስሌት ከይዘታቸው አውጥተን ዝርዝር ሠራን። አንድ ፊደል ቢቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። ታዲያ ሰርጎ ገቡ ሩት ከሆነ ዝርዝሩንስ አይቀይረውም? ይቀይረዋል። ስለዚህ የዝርዝሩን የራሱን አሻራ የክበቡ ጸሐፊ በእጇ ደብተር ላይ ጻፈችው። ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ 64 ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያመሳክራል። ደብተሩ ከኮምፒውተሩ ውጭ ስለሆነ ማንም በኔትወርክ ገብቶ አይነካውም።

ለወላጆች አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ልምምዱ ሁሉ የተደረገው ለክበቡ በተፈቀዱ ማሽኖች ላይ ብቻ ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። አዋጁን ከልምምዱ በፊት አብረን አንብበናል፤ «ለቀልድ ነው» የሚባል ነገር በክበባችን የለም።

ያልደረስንባቸው አሉ። በሊኑክስ ትእዛዝን በተያዘለት ሰዓት የሚያስነሳውን ክሮንን፣ ተጠቃሚው የትእዛዝ መስኮት (ተርሚናል) ሲከፍት የሚነበበውን ባሽአርሲን፣ በዊንዶውስም እንደ ክሮን የሚሠራውን ታስክ ስኬጁለርን በሚገባ አላየናቸውም። አጥቂዎች እነዚህንም ስለሚጠቀሙ የመጪው ዓመት ሥራ የሚጀምረው ከእነሱ ነው። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ተመርቀው ስለሚወጡ አዲስ አባላት እንፈልጋለን። ምዝገባው ጥቅምት ላይ በኮምፒውተር ላብ ይካሄዳል። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር መኖሩ መስፈርት አይደለም።