ጉዳዩ፦ ለሚገባን አገልግሎት ጉቦ እንድንከፍል መጠየቃችንን ስለማመልከት

ለንብረት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ የሥራ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ስሜና የመዝገባችን ቁጥር ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ ሰፍሯል። አባቴ ሲሞት የቤቱን የባለቤትነት ስም ወደ እናቴ ለማዛወር ማመልከቻ አስገብተን ነበር። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃና ዋናው የባለቤትነት ደብተር አልጎደሉም። ይህን የምለው በራሴ ግምት አይደለም፤ የእናንተው ሠራተኛ አንድ በአንድ አመሳክሮ «ተሟልቷል» ብሎ ፈርሞበታል። የአገልግሎት ክፍያውንም ከፍለን ደረሰኝ ተቀብለናል። ከዚያ ወዲህ ግን መዝገቡ አልተንቀሳቀሰም፤ እንዲንቀሳቀስ ገንዘብ እንድንሰጥ ተጠየቅን። አልሰጠንም። ቅሬታዬም ይኸው ነው።

ማንም በግልጽ «አይሆንም» አላለንም። ቢሉን ኖሮ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቀን ይግባኝ እንል ነበር። የሰማነው «ነገ ተመለሱ» ነው። ነገ ስንመለስ ሲስተም የለም፤ ሲስተም ሲኖር ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። በኋላ ደግሞ ፋይሉ ጠፋ ተባለ። መዝገብ ቤት «ባለሙያው ጋ ነው» ይላል፣ ባለሙያው «ከመዝገብ ቤት አልወጣልኝም» ይላል። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ሁለቱም ያዩ ነበር። አንዱ ለሌላው ስልክ ደውሎ ማጣራት ይችል ነበር፤ አላደረገም።

እንዲህ ከደከመች በኋላ ነው አንድ ሰው በኮሪደሩ የቀረበን። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አይደለም፤ መታወቂያ አላንጠለጠለም፣ ወንበር የለውም፣ ግን በየክፍሉ ሳያንኳኳ ይገባል። እናቴን በስሟ ጠራት። የአባቴን ስም፣ የወራሾቹን ብዛት፣ ማመልከቻው መቼ እንደገባ ያውቃል። ለእኛ «ጠፍቷል» የተባለው ፋይል ለእሱ አልጠፋም። ከዚያም «እማማ፣ ለባለሙያው የሆነ ነገር ጣል ካላደረጉ ይህ ፋይል አይገኝም፤ ካደረጉ ግን ነገ ጠዋት ይጨርሳሉ» አላት።

የባለሙያውን ስም ያለ ፈቃዱ እየነገደበት ይሆናል ብለን ለራሱ ለባለሙያው ልንነግረው ገባን። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ከእሱ ጋር ተነጋገሩ፤ እሱ ይጨርስላችኋል» አለን። ክቡር ኃላፊ፣ ቅሬታዬ በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሟል። መዝገቡን የማይይዝ ሰው እንዴት ሊጨርስልን ይችላል?

ባለሙያው ሲጠየቅ «ገንዘብ ስጡኝ ብዬ አላውቅም» እንደሚል እገምታለሁ። ቃሉን በአንደበቱ አለመጥራቱ ግን ነፃ አያወጣውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2003 ያጸደቀውና ከታኅሣሥ 14 ቀን 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 15 አባል አገሮች ይህን ድርጊት ወንጀል አድርገው እንዲደነግጉ ያስገድዳል። አንቀጹ ባለሥልጣኑ የማይገባ ጥቅም «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ» መጠየቁን ጭምር ይይዛል፤ በደላላ በኩል መሆኑ ለውጥ አያመጣም። ሌላም ነገር አለው። የሚናገረው ሕግ ጥሶ ለማይገባው ሰው ስለሚሠራ ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለመሥራት ዋጋ የሚጠይቀውንም ያጠቃልላል። የእኛ ጉዳይ ይህኛው ነው። የሌላ ሰው ቤት በስማችን ይዙርልን አላልንም።

ወረፋ ላይ የነበሩት ሰዎች «ስጡና ተገላገሉ» ብለው መከሩን። አልቀየምኳቸውም፤ አዝነውልን ነው። አንዲት ሴትዮ ሰጥታ እንደጨረሰች በጆሮዬ ነገረችኝ፣ ወዲያው ግን «እኔ እንደነገርኩህ እንዳትናገር» አለች። እኔን ከሁሉ በላይ የጎዳኝ እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው፦ «ልጄ፣ ወረቀታችን እውነት ጉድለት ይኖረው ይሆን?» ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት ቤት የራሷ መሆኑን መጠራጠር ጀመረች። ባለሙያው ሳይከለክል እያመላለሰ ያተረፈው ይህን ነው፤ ባለመብቷ ራሷን እንደ ለማኝ እንድትቆጥር አደረጋት። በዚያ ስሜት ውስጥ ያለ ሰው ሲጠይቁት ይሰጣል፣ ሰጥቶም ያመሰግናል።

ለቅሬታ ሰሚው ክፍልም አመልክቼ ነበር። ቅሬታዬን ሳይመዘግቡ ወደ ቡድን መሪው መሩኝ፤ ቡድን መሪው ከዚያው ባለሙያ ጋር በአንድ ክፍል የሚሠራ የቅርብ አለቃው ነው። የአስተያየት መስጫ ሳጥናችሁም የተሰቀለው ከባለሙያው በር አጠገብ ስለሆነ ማን ወረቀት እንደከተተ ከወንበሩ ሳይነሳ ያያል። ቡድን መሪው ካዳመጠኝ በኋላ «ታዲያ ካልከፈላችሁ ምን ጎደለባችሁ?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ እዚህ ልመልስ። በተባበሩት መንግሥታት ዘላቂ የልማት ግቦች ውስጥ አገሮች ጉቦን ለመቀነስ የገቡት ቃል የሚለካው በአንድ ዓመት ውስጥ ከመንግሥት ሠራተኛ ጋር ጉዳይ ከነበራቸው ሰዎች መካከል ጉቦ የከፈሉትንም የተጠየቁትንም በመቁጠር ነው። ያልከፈለም ተበድሏል ማለት ነው። እኛ አልከፈልንም፤ ቤቱ ግን እስከዛሬ በሟች ስም ነው። እናቴ ልታድሰው ፈቃድ ማውጣት፣ ብትቸገር ልትሸጠው ወይም በመያዣነት ልትበደርበት አትችልም። የጎደለብን ይህ ነው።

ብቻችንን እንዳልሆንንም አውቃለሁ። ሙስናን የሚታገለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው በ119 አገሮችና ግዛቶች ከ162 ሺህ በላይ ሰዎችን ባነጋገረ ጥናት፣ የሕዝብ አገልግሎት ከተጠቀሙት መካከል ከአራት ሰዎች አንድ የሚጠጋው ባለፉት 12 ወራት ጉቦ ከፍያለሁ ብሏል። ይህን ያነሳሁት «የትም ያለ ነው» ተብሎ እንዲታለፍ አይደለም። በእናንተው ቤት ገንዘብ ያዧ ክፍያችንን ተቀብላ፣ ደረሰኙን ቆርጣ፣ ቀጥሎ የት እንደምንሄድ በትሕትና አስረድታናለች። እሷ የምትሠራበት መስኮት ተመኑ ተለጥፏል፣ ደረሰኙ ቁጥር አለው፣ ሒሳቡ ማታ ይታያል። ባለሙያው ጋ ግን ፋይሉ ስንት ቀን እንደተቀመጠ የሚጠይቅ የለም፤ ያለ እሱም ሌላ በር የለም። መዘግየት ለአንድ ሰው ገቢ የሚያመጣ እስከሆነ ድረስ ፋይሎች መጥፋታቸውን አያቆሙም።

ስለዚህ በመጀመሪያ መዝገባችን ከመዝገብ ቤት መቼ እንደወጣ፣ ማን ፈርሞ እንደወሰደውና የት እንደቆየ ከመረካከቢያ ደብተሩ እንዲጣራ እጠይቃለሁ። ደብተሩ ላይ ያለው ፊርማ ከማንኛችንም ቃል በላይ ይናገራል። ሠራተኛ ያልሆነው ሰው በማን ፈቃድ የባለጉዳዮችን ፋይል እንደሚያይም ይመርመር። የእናቴ መዝገብ በተራው ይታይልን፤ ቅሬታ ስላቀረብን ወደ ኋላ እንዳይገፋ፣ ከሌላውም ባለጉዳይ ፊት እንዳይቀድም። አቤቱታ ተቀባዩ ከሚከሰሰው ክፍል ውጪ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚፈጀው ጊዜና ክፍያም ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፍ።

ከእኛ በፊት ተገደው የከፈሉ ሰዎችም እንዲሰሙ እለምናለሁ። ዝም የሚሉት እኛም እንከሰሳለን ብለው ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሻሻለችው የፀረ ሙስና ሕግ ጉቦ እንዲሰጥ የተገደደ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ለሕግ አስከባሪ ካመለከተ አይጠየቅም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ስምምነትም በአንቀጽ 33 በቅን ልቦና ጥቆማ ለሚያቀርቡ ሰዎች ጥበቃ የማድረግን ጉዳይ አስቀምጧል። ያቺ በጆሮዬ የነገረችኝ ሴትዮ ያለ ፍርሃት የምትናገርበት መንገድ ቢኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ ብቻዬን አልጽፍም ነበር።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በ30 ቀናት ውስጥ ካልደረሰኝ ቅሬታዬን ከነአባሪዎቹ ለፀረ ሙስና አካሉና ለእንባ ጠባቂ ተቋሙ አቀርባለሁ። ባለሙያውና ኮሪደር ላይ ያገኘነው ሰው ባሉበት ቃሌን እንድሰጥ ብጠራ እመጣለሁ፤ እናቴም ትመጣለች።

ከአክብሮት ጋር
የመዝገቡ ባለጉዳይ

አባሪ፦ «ተሟልቷል» ተብሎ የተፈረመበት የማመልከቻ ቅጽ፣ የአገልግሎት ክፍያ ደረሰኝ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ቅጂ
ግልባጭ፦ ለጽሕፈት ቤቱ የውስጥ ኦዲት ክፍል